መንገዱ በማሳችሁ ሲያልፍ፦ ካሳ የሚያስቀሩ ስህተቶች

የምሠራው መንገድ ሥራ ላይ፣ "ወሰን ማስከበር" በሚባለው ክፍል ነው። ንብረት እንቆጥራለን፣ እንገምታለን። አብዛኛው ሥራችን ገጠር ነው። አስፋልት ሊመጣ ነው ሲባል ሁሉም ደስ ይለዋል። በማን ማሳ እንደሚያልፍ ሲታወቅ ነው ነገሩ የሚለወጠው። እኔ እንዳየሁት፣ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው በስሌቱ ላይ አይደለም፤ ከስሌቱ በፊት በሚሞላው ወረቀት ላይ ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

ከሁሉ የሚቀድመው የመሬት ዋጋ መጠየቅ ነው። "ካሬውን በስንት ትገዙኛላችሁ?" የማይለኝ ሰው የለም። ማንም አይገዛችሁም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ካሳ የሚከፈለው መሬቱ ላይ ላፈራችሁት ንብረት ነው፦ ለቤቱ፣ ለአጥሩ፣ ለውኃ ጉድጓዱ፣ ለዛፉ፣ ለሰብሉ። ከእርሻችሁ ስትነሡ ደግሞ የልማት ተነሺ ካሳ የሚባል አለ። ጎረቤት በድብቅ ስንት እንደሸጠ እያነሱ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው።

ሁለተኛው በቆጠራ ቀን አለመገኘት ነው። ተገኝቶም ሳያነቡ መፈረም። እዚህ ላይ ልቆጣ።

ኮሚቴው ሜትርና ፎርም ይዞ ይመጣል። ቀኑ አስቀድሞ ተነግሯል። ባለቤቱ ግን ገበያ ሄዷል። የሚያስቆጥረው ከብት ሲጠብቅ የተጠራ ልጅ ነው። ልጁ ከቤቱ ጀርባ ያለውን ጌሾ ረስቶታል፤ እኛም አላየነውም። ያልታየ አይጻፍም፤ ያልተጻፈ አይከፈልም። በኋላ አባትየው መጥቶ "ጌሾዬስ?" ይላል። ጌሾው ያኔ በዶዘር ተገፍቷል። በምን እንመን?

የተገኙትም ቢሆኑ ብዛቱን ብቻ ነው የሚያዩት። ፎርሙ ላይ ከብዛት አጠገብ ሌላ ዓምድ አለ፤ ደረጃ ይላል። ትልቁ ብር ያለው እዚያ ነው። ባሕር ዛፍ እንደ ውፍረቱ ችግኝ፣ ማገር፣ ወራጅ፣ ቋሚ ተብሎ ይለያል። ወራጅ የደረሰው ማገር ተብሎ ከተጻፈ ቁጥሩ ልክ ሆኖ ገንዘቡ ይወርዳል። ቡናም እንዲሁ ነው። ምርት መስጠት የጀመረው በምርቱ ይሰላል፤ ያልጀመረው ግን በችግኙና ለእንክብካቤው በወጣው ወጪ ነው። ቤት ላይ ደግሞ ግድግዳው በጭቃ ብቻ ነው ወይስ በሲሚንቶ ተለስኗል? ወለሉስ? ኮርኒስ አለው? እያንዳንዷ መጻፍ አለባት።

አንዲት እናት ትዝ ይሉኛል። ማንበብ አይችሉም። ግን ዘጠነኛ ክፍል የሚማር የልጅ ልጃቸውን አስከትለው፣ ዱላቸውን እየተደገፉ ከኋላችን ዞሩ። ቁጥር በጠራን ቁጥር "ድገመው" ይላሉ። ባልደረባዬ ተነጫነጨ። ከሽንት ቤቱ ጀርባ አንድ ሙሉ ረድፍ ቡና መዝለሉን እሳቸው ናቸው ያገኙት። መጨረሻ ላይ ልጁ ፎርሙን ከላይ እስከ ታች ጮክ ብሎ አነበበላቸው፣ በስልኩም ፎቶ አነሳው። ከዚያ አሻራቸውን አደረጉ። ሁሉም እንደ እሳቸው ቢሆን እኔም በሰላም አድር ነበር። ባዶ ፎርም ላይ፣ ወይም በእርሳስ የተሞላ ፎርም ላይ የሚፈርም ሰው ግን ምን እንደሚባል አላውቅም።

መሬቱ ለመንገዱ እንደሚወሰድ ማስታወቂያ ከደረሳችሁ በኋላ መትከልና መሥራትስ? ካሳ የለውም፣ በቃ። በአንድ ሌሊት የበቀለ የቆርቆሮ ቤት ስንት ዐይተናል፤ ሚስማሩ ገና ያበራል!

ስለ ምርት እናውራ። በአዋጅ 1161/2011 መሠረት ከእርሻው በቋሚነት ለሚነሣ አርሶ አደር የልማት ተነሺ ካሳው የሚሰላው ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን የዓመት ገቢ በ15 በማባዛት ነው። ቀድሞ በነበረው በአዋጅ 455/1997 የአምስት ዓመት አማካይ በ10 ነበር፤ እስካሁን በዚያ የሚከራከር አለ። ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ካገኛችሁ ግን የአንድ ዓመቱ ነው የሚከፈለው። "ሁለቱንም ስጡኝ" ማለት አያዋጣም። ሌላም ነገር አለ። ግብር እንዳይጨምርበት ለግብርና ባለሙያው ምርቱን ግማሽ አድርጎ ሲያስመዘግብ የኖረ ሰው፣ ካሳ ሲመጣ እጥፍ ይጠራል። እኛ ደግሞ የምንጠይቀው ያንኑ ግብርና ጽሕፈት ቤት ነው።

ኮንትራክተሩ ለካምፕ፣ ለሰሌክት (ለመንገዱ የሚነጠፍ አፈር) ማውጫ ወይም ለተለዋጭ መንገድ መሬት ሲፈልግ በቃል የሚስማሙም አሉ። ፎርማኑ ትሑት ነው፣ ሻይ ይጋብዛል፣ "ለጥቂት ወር ነው" ይላል። ዓመት ያልፋል፤ ፎርማኑም ይቀየራል። በጊዜያዊነት የተወሰደ መሬት እስኪመለስ ድረስ ለሚቀረው ገቢ ካሳ አለው። ስለዚህ መቼ ተወሰደ፣ ስፋቱ ስንት ነው፣ መቼና በምን ሁኔታ ይመለሳል የሚለው በጽሑፍ ይሁን። ወረዳውም ይወቀው። የላይኛው አፈር ተገፍቶ የት እንደሚከመር ሳይቀር ይጻፍ። ጉድጓድ ሆኖ የተመለሰ ማሳ ጤፍ አያበቅልም።

የመሬት ይዞታ ደብተሩ በሟች አባት ስም ከሆነ ደግሞ ቆጠራውን ሳትጠብቁ ወራሽነታችሁን አስወስኑ። ባልና ሚስት በጋራ የያዙት ከሆነም ሁለቱም ይቅረቡ።

ክፍያ ሲዘገይ ተሳፍሮ አዲስ አበባ፣ መንገዶች አስተዳደር በር ላይ የሚቆም አለ። በ2016 በወጣው ማሻሻያ፣ በአዋጅ 1336/2016፣ የፌዴራል መንገድም ቢሆን ካሳውን የሚከፍለው ክልሉ ወይም የከተማ አስተዳደሩ ሆኗል። የትራንስፖርቱን ገንዘብ ቆጥቡና ወረዳችሁን፣ ከዚያም ክልላችሁን ጠይቁ።

ግምቱ አነሰ ካላችሁ ሽማግሌ መላክ፣ የፕሮጀክት መሐንዲሱን መለማመጥ፣ ለምክር ቤት ተወካይ መደወል መብታችሁ ነው። ቀኑ ግን ይቆጠራል። መሬቱን ልቀቁ የሚለው ትእዛዝ ከደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ ለቅሬታ ሰሚው አካል አመልክቱ። ውሳኔው ካላረካችሁ በሌላ 30 ቀን ውስጥ ለይግባኝ ሰሚው ጉባኤ ትሄዳላችሁ። ፍርድ ቤት ከዚያ በኋላ ነው፤ በቀጥታ የሄደ ተመልሶ ይመጣል። ማመልከቻችሁ ላይ "ካሳው አንሶኛል፣ ልጆች አሉኝ" ብላችሁ አታብቁ። የትኛው ንብረት፣ በፎርሙ ስንተኛ ተራ ቁጥር ላይ፣ ምን ተብሎ ተጻፈ፣ ምን መባል ነበረበት የሚለውን ጻፉ። ያነሳችሁትን የፎርሙን ፎቶም አትማችሁ አያይዙ።