ከተጠራቀመ ቁርጥራጭ ጨርቅ የትራስ ልብስ አሠራር

መልካቸውም ቅርጻቸውም የማይገጥም ቁርጥራጮችን በአንድ መደብ ላይ ሰፍቶ መጋጠሚያቸውን በጥልፍ ማስጌጥ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1880ዎቹ በአሜሪካና በእንግሊዝ እጅግ የተወደደ የቤት ውስጥ ሥራ ነበር። ከዚያ ዘመን የተረፉት ብዙዎቹ ዛሬ የሚሰነጣጠቁት የተሠሩበት ሐር እንዲከብድ በብረታ ብረት ጨው ይነከር ስለነበር ነው፤ ስለዚህ ከውበት በፊት ጥንካሬን ፈትሹ። ኮሌታው ያለቀ ሸሚዝ ጀርባው ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ የድሮ ከረባትና ከአሮጌ ቀሚስ የተረፈ ጥለትም ድንቅ ግብዓት ናቸው። ሁሉንም አስቀድማችሁ እጠቡ፤ ቀለም የሚለቅ ካለ ያኔ ይታወቃል።

45 በ45 ሴንቲ ሜትር የሆነ አቡጀዲ ለመደብ ቁረጡ። መካከሉ ላይ ባለ አምስት ማዕዘን ቁራጭ ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ በስፒል ያዙት። ሁለተኛውን ቁራጭ ፊት ለፊት ገጥማችሁ አንዱን ጠርዝ አስተካክሉና ከጠርዙ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ ብላችሁ ከመደቡ ጋር ስፉት፤ ከዚያ ገልብጣችሁ በካውያ ተኩሱት። ተኩሱን መዝለል ፈጽሞ አይገባም፣ ያልተተኮሰ መጋጠሚያ ቀጣዩን ቁራጭ ያጣምማልና። በዚሁ መንገድ እየዞራችሁ መደቡን ሸፍኑ፤ ትርፉን ከርክሙ። ጥለት ወፍራም ስለሆነ መጨረሻ ላይ ከላይ ደርቦ መስፋቱ ይሻላል።

የጥልፍ ክሩ ከጨርቁ ቀለም ጎልቶ የሚለይ ይሁን፤ የሥራው ነፍስ ያለው እዚህ ነውና አትቸኩሉ። ጥልፉ ሲያልቅ የጀርባውን ጨርቅ ፊት ለፊት ገጥማችሁ ዙሪያውን ስፉ፣ ትራሱ የሚገባበትን በቂ ክፍተት ተዉና ገልብጡት።