ሐኪም ጋ ከመሄድሽ በፊት የድሮ ካርድሽን ፈልጊ

ጀበና ጥደሽ ረስተሽ ስንቴ ገነፈለብሽ? አንዴ ሁለቴ ማንንም ያጋጥማል። ግን ከልጅነትሽ ጀምሮ ቁልፉም፣ ቀጠሮውም፣ የጀመርሽው ሥራም እየጠፋብሽ «ዝርክርክ» ስትባዪ ካደግሽ፣ ኤዲኤችዲ (ትኩረትን የመሰብሰብና ረጋ ብሎ የመቀመጥ ችግር) ይሆን እንዴ ብለሽ መመርመርሽ ቅብጠት አይደለም። የአእምሮ ሐኪም ነኝና ለመጀመሪያው ቀጠሮ ምን ይዘሽ ብትመጪ እንደምወድ ልንገርሽ።

መጀመሪያ የትምህርት ቤት ካርድሽን ፈልጊ። የምሬን ነው። የኤዲኤችዲ ምልክቶች ከ12 ዓመት በፊት መታየት ነበረባቸው፣ ያውም ቤትም ትምህርት ቤትም። «ባለፈው ዓመት ጀመረኝ» ካልሽኝ ሌላ ነገር ነው የምፈልገው፦ እንቅልፍ፣ ታይሮይድ፣ ደም ማነስ፣ ድብርት። መምህርሽ «ጎበዝ ናት፣ ግን ሐሳቧ ይበተናል» ብላ ጽፋልሽ ከሆነ ግን ለእኔ ወርቅ ነው።

ካርዱ ከጠፋ እናትሽን ጠይቂ። እናቶች ደግሞ «ምን ሆና፣ ጨዋ ልጅ ነበረች» ይላሉ፤ ጣጣው እሱ ነው። ወንዱ ወንበር ላይ ሲዘል ሁሉም ያየዋል፤ ሴቷ መስኮት ዳር ቁጭ ብላ በሐሳብ ስትነጉድ ማንን ትረብሻለች? ኦቲዝም (ከሰው መግባባትና ድምፅን፣ ንክኪን መቀበል ከሌላው የሚለይበት የአእምሮ ሁኔታ) ያለባትም ልጅ የሰው ዓይን ማየት ሲከብዳት «አንገቷን የደፋች» ተብላ ትመሰገናለች። ስለዚህ «ሱቅ ስትልኪኝ ምን ምን ረስቼ እመለስ ነበር? የሚኮሰኩስ ልብስ ስታለብሺኝ ምን እሆን ነበር?» ብለሽ ነጥለሽ ጠይቂያት።

ከሁሉ በላይ መስማት የምፈልገው ችግርሽን ከሰው እንዴት እንደምትሸፍኚው ነው። ለቅሶ ቤት የምትናገሪውን ቤትሽ ተለማምደሽ ትሄጃለሽ? ከሠርግ መልስ ሁለት ቀን በር ዘግተሽ ትተኛለሽ? ላለመርፈድ ብለሽ ሁለት ሰዓት ቀድመሽ ትደርሻለሽ? ጻፊው። ብዙ ሴቶች ለዓመታት የጭንቀት ወይም የድብርት መድኃኒት ብቻ ሲወስዱ የሚቆዩት ይሄን የሚጠይቃቸው ስለሌለ ነው።

የወር አበባሽንም መዝግቢ፣ ሁለት ወር ይበቃል። ከመምጣቱ በፊት ባሉት ቀናት ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ሲወርድ ትኩረትና ስሜት የሚብስባቸው አሉ። ማረጥ አካባቢም እንደዚሁ። ቡና ስንት ስኒ እንደምትጠጪ፣ ጫትም ካለ እሱንም ሳትደብቂ ንገሪኝ፤ አልቆጣም፣ መድኃኒት ስመርጥ ግን ያስፈልገኛል።

«ኤዲኤችዲ ነው ወይስ ኦቲዝም?» ብለሽ አትጨነቂ። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ሁለቱን አንድ ሰው ላይ አብሮ መመርመርን የፈቀደው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው፤ እኛም የተማርነውን ማስተካከል ነበረብን። ቲክቶክ ላይ ያየሽው ቪዲዮ ቢያነቃሽ ጥሩ፣ ምርመራው ግን እዚያ አያልቅም። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ካለሽ ደግሞ ካርድም ምንም አትፈልጊ፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂጂ።

የጻፍሽውን ፎቶ አንስተሽ ስልክሽ ላይ አስቀምጪ፤ ወረቀቱ ቤት ይረሳል። ቀጠሮውን ረስተሽ ብትቀሪም አፍረሽ አትጥፊ፣ ደውዪ፤ እሱንም እመዘግበዋለሁ።