መቆምን፣ መራመድንና መነሳትን በቤት ውስጥ ለክቶ የልብን ጤና እንዴት መከታተል ይቻላል

በጅማ ሰፈሮች ውስጥ ዕድሜያቸው የገፋ ወላጆች ከመቀመጫ ሲነሱ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ሲደገፉ፣ ወይም ከመርካቶ እስከ ቤት ያለውን መንገድ እያረፉ ሲጨርሱት፣ ነገሩ «እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፋል። ይህ አባባል በእጅጉ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ልብ በቂ ደም መርጨት ሲያቅተው ቀድመው ከሚደክሙት መካከል የእግር ጡንቻዎች ይገኙበታል፤ እንቅስቃሴ መቀነስም በተራው የደም ግፊትንና ስኳርን ያባብሳል። በአሜሪካ ከ5,500 በላይ አረጋውያንን ለ7 ዓመት ያህል የተከታተለ ጥናት፣ የአካል ብቃት ነጥባቸው ዝቅተኛ የነበረ ሰዎች ለድንገተኛ የልብ ሕመም፣ ለስትሮክ ወይም ለልብ ድካም የመጋለጥ ዕድላቸው ነጥባቸው ከፍተኛ ከነበረው በ47 በመቶ እንደሚበልጥ አሳይቷል።

ምዘናው ከ12 ነጥብ የሚታሰብ ሲሆን በቤት ውስጥ መሞከር ይቻላል። የደረት ሕመም፣ ማዞር ወይም አዲስ የትንፋሽ ማጠር ያለበት ሰው ግን ሙከራውን ትቶ ወደ ሐኪም ይሂድ። ሌሎችም ቢሆኑ የሚደግፋቸው ሰው አጠገባቸው ሊቆም ይገባል።

በመጀመሪያ ሚዛንን ይለኩ። ሁለቱን እግሮች አጋጥመው 10 ሰከንድ ከቆሙ 1 ነጥብ፣ የአንዱን ተረከዝ ከሌላው አውራ ጣት ጎን አድርገው 10 ሰከንድ ከቆሙ ሌላ 1 ነጥብ ይይዛሉ። በመጨረሻም አንዱን እግር ከሌላው ፊት፣ ተረከዝን ከጣት አስነክተው ይቁሙ፤ 10 ሰከንድ ከቆዩ 2 ነጥብ፣ ቢያንስ 3 ሰከንድ ከቆዩ 1 ነጥብ ነው።

ቀጥሎ ወለል ላይ 4 ሜትር ለክተው በዘወትር አረማመድዎ ሁለት ጊዜ ይራመዱና የተሻለውን ሰዓት ይያዙ። በክረምት የጅማ መንገድ ጭቃ ስለሚሆን በረንዳ ወይም ሳሎን ይመረጣል። ከ4.82 ሰከንድ በታች 4 ነጥብ፣ እስከ 6.20 ድረስ 3፣ እስከ 8.70 ድረስ 2፣ ከዚያ በላይ 1 ነጥብ ነው።

ሦስተኛው ከወንበር መነሳት ነው፤ የእግርን ኃይል ይበልጥ የሚያሳየው ይህ ይመስለኛል። የጅማ ባለሙያዎች ከአንድ ግንድ የሚጠርቡት ባለ ሦስት እግር በርጩማ ዝቅ ያለና መደገፊያ የሌለው ስለሆነ ለዚህ አይሆንም፤ ከፍታው 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ባለ መደገፊያ ወንበር ግድግዳ ላይ ያስጠጉ። እጆችዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው፣ ሳይደገፉ በተቻለዎት ፍጥነት 5 ጊዜ ተነስተው ይቀመጡና 5ኛው ላይ ቀጥ ብለው ሲቆሙ ሰዓቱን ያቁሙ። እስከ 11.19 ሰከንድ 4 ነጥብ፣ እስከ 13.69 ድረስ 3፣ እስከ 16.69 ድረስ 2፣ ከዚያ በላይ እስከ 60 ሰከንድ 1፣ መጨረስ ያልቻለ 0 ነው።

ድምሩ ከ10 እስከ 12 ከሆነ ጥሩ፣ ከ7 እስከ 9 መካከለኛ፣ ከዚያ በታች ዝቅተኛ ነው። የጉልበት ሕመምም ነጥብን ስለሚቀንስ፣ ዝቅተኛ ቁጥር ብቻውን የልብ በሽታ አለ ማለት አይደለም፤ ቢሆንም ቁጥሩን ጽፈው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱና የደም ግፊትና የስኳር ምርመራ ያድርጉ። ግፊት በተደጋጋሚ ተለክቶ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ክትትል ያስፈልገዋል። ቡና ጠጥተው ከሆነ ከመለካትዎ በፊት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ጫት የልብ ምትንና ግፊትን ከፍ ስለሚያደርግ፣ በዚያ ላይ ለሰዓታት ስለሚያስቀምጥ፣ ልቡ የሚያሳስበው ሰው ቢያቆመው እመክራለሁ።

ሐኪም ካልከለከለዎት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ያድርጉ። የጅሬን አቀበት ለጀማሪ ስለሚከብድ በሜዳማ መንገድ በ10 ደቂቃ ይጀምሩ። በሳምንት ሁለት ቀን ከወንበር መነሳትን የመሰለ የጡንቻ ማጠንከሪያ፣ ከ65 ዓመት በላይ ከሆኑ ደግሞ ሦስት ቀን የሚዛን ልምምድ ይጨምሩ።

ከሦስት ወር በኋላ በዚያው ወንበርና በዚያው ጫማ እንደገና ይለኩ። ነጥቡ በ1 እንኳ ከቀነሰ፣ በተለይም እግርዎ ካበጠ ወይም በጀርባ ሲተኙ ትንፋሽ ካጠረዎት፣ የቀጠሮ ቀን ሳይጠብቁ ለሐኪም ይታዩ።