በፖሊኔዥያ ድንጋዮች ላይ ኮከብ ስትፈልጉ

በፖሊኔዥያ፣ ማለትም በፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች፣ የላቫ ድንጋይ (ቀዝቅዞ የጠነከረ የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ) ላይ ሰው የፈለፈለውን ነጥብ በነጥብ የሆነ ቅርጽ አይቶ «ይሄማ ኮከብ ነው» ማለት ቀላል ነው። እኔ ግን ሰማዩን ከማየቴ በፊት የአገሬውን ሰው ቃል አስቀድማለሁ።

ፑኡሎአን እንውሰድ። በሃዋይ የእሳተ ገሞራ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው፤ ከ23,000 በላይ ቅርጾች አሉበት። አብዛኞቹ ትንንሽ ጎድጓዳ ነጥቦች ናቸው። ልጅ ሲወለድ ቤተሰቡ ላቫውን ፈልፍሎ እትብቱን እዚያ ያኖር ነበር፣ ዕድሜው እንዲረዝም። ስለዚህ ሰባት ነጥቦች ተሰብስበው ብታዩ ቶሎ ብላችሁ ማካሊኢ አትበሏቸው፤ ሃዋይያውያን ፕሌያዲስ የተባሉትን ከዋክብት የሚጠሩት እንዲህ ነው። ሰባት ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ። ለእኔ ይሄም ከኮከብ አያንስም።

ራፓ ኑዪ፣ ማለትም ኢስተር ደሴት ላይ ነገሩ ይለያል። በ1914 እ.ኤ.አ. ወደ ደሴቲቱ የሄደችው እንግሊዛዊት ተመራማሪ ካትሪን ራውትሌጅ፣ ፖይኬ በሚባለው አካባቢ ኮከብ የሚታይበት ድንጋይ እንዳለ ከነዋሪዎቹ ሰምታ መዝግባለች። በአቅራቢያው ያሉት ጎድጓዳ ነጥቦችም የከዋክብት ካርታ ናቸው ተብላለች። እንዲህ ያለ ምስክርነት ካለ ፍለጋው መሠረት አለው።

ቦታው ላይ ስትደርሱ ብርሃኑን ምረጡ። ማለዳ ወይም ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጥላው ይረዝማል፣ ጥልቀቱም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቀትር ላይ ሁሉም ነገር ጠፍጣፋ ይመስላል። ቅርጹን በጠመኔ አታድምቁት፣ በእጅ አትዳስሱት፣ አትርገጡት። ፑኡሎአ ላይ ከእንጨት መተላለፊያው አትውረዱ።

ላቫ ሲቀዘቅዝ ጋዝ የሚተወው ቀዳዳም አለ፤ አደራ፣ እሱን ከሰው ሥራ ለዩ። የተፈለፈለው ጎድጓዳ ላይ፣ ካልተሸረሸረ፣ የምቱ ጠባሳ ይታያል።

ከዚያ ፎቶውን ከፊት ለፊት አንሱና ነጥቦቹን ወረቀት ላይ ገልብጡ። ሁሉንም! ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚስተው። ከመቶ ነጥብ የሚመቹንን ሰባት ከመረጥን የማይመስሉት የከዋክብት ስብስብ የለም። ሰሜን በየት በኩል እንደሆነም አብራችሁ ጻፉ።

ግልባጩን በስቴላሪየም ፕሮግራም ከሚታየው ሰማይ ጋር አመሳክሩ፤ ቦታውንና ዘመኑን አስገቡለት። የፕሌያዲስ ቅርጽ በሺህ ዓመት ውስጥ ለዓይን የሚታይ ለውጥ አያመጣም። በዓመቱ ውስጥ የሚወጡበት ቀን ግን በሁለት ሳምንት ገደማ ይገፋል። ስለዚህ የቅርጽ መመሳሰል ብቻውን የድንጋዩን ዕድሜ አይነግራችሁም። ማስታወሻችሁ ላይ «ሊሆን ይችላል» ብላችሁ ጻፉ፤ ከጎኑ ደግሞ ያላችሁን ምክንያት አስፍሩ፦ የሰው ቃል፣ የነጥቦቹ አቀማመጥ፣ ወይም ሁለቱም።