ሎንጎኖትን እንዴት እንውጣው? ለእንግዶቼ የምነግራቸው

ናይሮቢ መኖር ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል። ከአገር ቤት የሚመጣ ዘመድ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ማሳይ ማራ ነው። እኔ ግን ሁለት ቀን ብቻ ካለው ወደ ናይቫሻ ነው የምወስደው። አንዱን ቀን ለሎንጎኖት ተራራ፣ ሌላውን ለሄልስ ጌት። ሁለቱም ብሔራዊ ፓርኮች ናቸው። ሁለቱንም የሠራቸው እሳተ ገሞራ ነው። ደግሞ መኪና ውስጥ ተቀምጦ በመስኮት አንገት ማስገግ የለም። በገዛ እግራችሁ ነው የምታዩት።

ሎንጎኖትን እስካሁን ሰባት ጊዜ ወጥቼዋለሁ። ስለዚህ ተራራ አንድ ነገር ብቻ እንድትይዙልኝ ብባል ይህን እላለሁ፤ ቁጥሩን አይታችሁ አትናቁት።

ቁጥሩ በእርግጥ ያታልላል። ከፍታው 2,776 ሜትር ነው። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ሲሰማ "እንጦጦ አይበልጥም እንዴ?" ይላል። እንጦጦ ይበልጣል። ከፓርኩ በር እስከ እሳተ ገሞራው አፋፍ ያለው መንገድ 3.1 ኪሎ ሜትር ነው። አፋፉን ዙሮ መመለስ 7.2 ኪሎ ሜትር ይፈጃል። ወደ በሩ ሲወረድ በድምሩ 13.4 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ቁጥሩ ግን የማይነግራችሁ ነገር አለ። ዛፍ የለም፣ ውሃ የለም፣ እግር የሚረግጠው ደግሞ አመድ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ከአዳማ ሲመጣ ኳስ ተጫዋች ነበርና የመጀመሪያውን ዳገት በሩጫ ነው የወጣው። በእጁ የያዘው ግማሽ ሊትር ውሃ ብቻ ነበር። አፋፉ ላይ ሳንደርስ ጨረሰው። ያኔ ወርደን ቢሆን ኖሮ ደህና ነበር። እሱ "እዚህ ድረስ መጥቼማ ሳልዞር አልመለስም" አለ፣ እኔም አልተከራከርኩም። ከፍተኛው ጫፍ ላይ ስንደርስ ራሴን አዞረኝ ብሎ ቁጭ አለ። ከንፈሩ ነጭቶ ነበር። የቀረኝን ውሃ ሰጠሁትና በአንድ ነጠላ አናታችንን ሸፍነን አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥን። በጣም ፈርቼ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ደንብ አለኝ። ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

መቼ ይኬዳል?

ኬንያ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። አነስተኛው ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ይዘንባል። ጥሩው ጊዜ ጥርና የካቲት፣ ከዚያም ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። እኛ ጋ ክረምቱ ሲከብድ እዚያ ደረቅ መሆኑ ብዙ ሰው አያውቅም። ልጆች ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለሚመጡ ቤተሰቦች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጠዋት ጠዋት ብርድ ስላለ ሹራብ ያዙ። በዝናብ ወራት ግን ያ አመድ ጭቃ ይሆንና እግር አይቆምበትም።

መነሻ ሰዓት

ከናይሮቢ ከንጋቱ 11 ሰዓት ውጡ። ሰዓቱን ስትቀጥሩ ግን ተጠንቀቁ። አንድ ጊዜ ለሾፌሩ በእንግሊዝኛ "አስራ አንድ" ብዬው ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ መጣ። መውጣት የጀመርነው በቀትር ነበርና አፋፉ ላይ ደርሰን ተመለስን። በኋላ የተረዳሁት ስዋሂሊም ልክ እንደ እኛ ሰዓት የሚቆጥረው ከንጋት ጀምሮ መሆኑን ነው። "ሳ ኩሚ ና ሞጃ አልፋጂሪ" በሏቸው፤ ልክ የእኛው የንጋቱ 11 ሰዓት ነው። በእንግሊዝኛ ካወራችሁ ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ንገሯቸው።

አካሄድ

ከናይሮቢ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በላይ በኩል የሚሄደው የናኩሩ አውራ ጎዳና ነው። ሌላው ገደሉን ይዞ ወደ ማይ ማሂዩ የሚወርደው ነው። ለሎንጎኖት የታችኛውን ያዙ። በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። የራሳችሁ መኪና ከሌለ በማይ ማሂዩ በኩል ወደ ናይቫሻ የሚሄድ ማታቱ (እንደ እኛ ሚኒባስ ታክሲ ነው) ይዛችሁ ሎንጎኖት ከተማ ላይ ውረዱ። ከዚያ እስከ ፓርኩ በር በቦዳቦዳ፣ ማለትም በሞተር ሳይክል ትሄዳላችሁ። ሞተር ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ዋጋ ተነጋገሩ።

ቁልቁለቱ ላይ ስምጥ ሸለቆው ድንገት ይከፈትላችኋል። ዝዋይንና ላንጋኖን የያዘው፣ ወደ አዋሽና ወደ አፋር የሚዘልቀው ያው የእኛው ስምጥ ሸለቆ ነው። ሎንጎኖት ሜዳው መሐል ብቻውን ይታያል። ቁልቁለቱ ግርጌ ከመንገዱ ዳር አንዲት በጣም ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። እ.ኤ.አ. በ1942 መንገዱን ይሠሩ የነበሩ የጣሊያን የጦር ምርኮኞች ናቸው የሠሯት። ከምርኮኞቹ ብዙዎቹ የተማረኩት ኢትዮጵያ ውስጥ በተደረገው ጦርነት ነው። ስትመለሱ አምስት ደቂቃ ቆሙባት።

ክፍያና ወረቀት

የኬንያ ፓርኮች በር ላይ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም። ክፍያው በኢሲቲዝን (የኬንያ መንግሥት የኢንተርኔት አገልግሎት ነው) በኩል በኤም-ፔሳ ወይም በካርድ ነው። ማታ ቤታችሁ ሆናችሁ ክፈሉ፤ በር ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ ሰው ተሰልፎ ይቀራል። ዋጋው ለዜጋ፣ ለነዋሪና ለውጭ ጎብኚ የተለያየ ነው። የኬንያ መኖሪያ ካርድ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ ልዩነቱ ብዙ ነው። እንግዶች ፓስፖርት አትርሱ።

ምን እንያዝ?

ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር ውሃ። ከዚህ በታች አልስማማም። ነገር ግን የሱቅ ፕላስቲክ ጠርሙስ አይሆንም። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2020 ጀምሮ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉትን ፕላስቲክ በብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ከልክላለች። የፌስታል ነገርማ ከ2017 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ነው የተከለከለው። ስለዚህ ተሞልቶ የሚያገለግል ኮዳ ያዙ።

ለምግብ እኔ በሶ ነው የምይዘው። ከቤት በማር አሽቼ በትንሽ ሳህን እከተዋለሁ። ዳቦ ቆሎም አይጠፋም። አፋፉ ላይ ስትደርሱ ብስኩት ጉሮሮ ላይ ይቀራል፤ በሶ ግን ወዲያው ጉልበት ይሆናል።

ጫማው ሶሉ ያላለቀ ይሁን። ካልሲው ከቁርጭምጭሚት ከፍ ይበል፣ አለበለዚያ ጠጠር ይገባል። ባርኔጣና ለአፍ የሚሆን ሻሽ ያስፈልጋል። ቆዳችን ጥቁር ስለሆነ ፀሐይ አያቃጥለንም የሚባለውን ተዉት። ይህ ቦታ ከምድር ወገብ አንድ ዲግሪ አይርቅም። የእኔ አፍንጫ ሁለት ጊዜ ተልጧል። ጉልበት የሚያማችሁ ካላችሁ ደግሞ ዱላ ያዙ፤ የምታመሰግኑት ስትወርዱ ነው።

አወጣጡ

በሩ ላይ ስማችሁን አስመዝግቡ፣ የፓርኩን ጠባቂ ዛሬ ጎሽ የት እንደታየ ጠይቁ። ሥር ያለው ሜዳ ላይ የሜዳ አህያ፣ ቀጭኔና ቆርኬ ይታያል። ቆርኬው የሰንቀሌው ቆርኬ ዘመድ ነው። ጎሽ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ካያችሁ ዝም ብላችሁ ወደ ኋላ ተመለሱ። ለፎቶ አትጠጉ።

የመጀመሪያው ክፍል ለስላሳ ነው። ወንድሜን ያሳሳተውም እሱ ነው። ቀስ በሉ፣ እያወራችሁ መሄድ ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው። ቀጥሎ ጎርፍ አመዱን ቦርቡሮ የሠራው ቦይ ይመጣል። በአንዳንድ ቦታ ግድግዳው ትከሻ ይደርሳል። በደረቅ ወራት አቧራው ልክ እንደ ሽሮ ዱቄት ቡን ይላል። ከፊት ካለው ሰው አሥር እርምጃ ያህል ራቁ፣ አለዚያ የእሱን አቧራ ነው የምትተነፍሱት። ከዚያ የመጨረሻው ዳገት ነው። አጭርና ቀጥ ያለ። በአጠቃላይ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል።

አፋፉ ላይ ስትደርሱ ምንም ማስጠንቀቂያ የለም። ዳገቱ ያልቅና መሬቱ ከፊታችሁ ይጠፋል። ትልቅ ክብ ጉድጓድ ነው፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ ወለሉ በሙሉ ደን። በጠዋት ብርድ ከግድግዳው ላይ እንፋሎት ሲወጣ ይታያል። ተራራው አልሞተም። ለመጨረሻ ጊዜ እሳት የተፋው እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ እንደሆነ ይታመናል። ከ2004 እስከ 2006 ባለው ጊዜ ደግሞ መሬቱ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ማለቱ በሳተላይት ተለክቷል። ወደ ደኑ ለመውረድ አትሞክሩ።

እንግዲህ ደንቤ እዚህ ጋ ነው። አፋፉ ላይ ቁጭ ብላችሁ ሁለት ነገር እዩ። ሰዓቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት አልፏል? ውሃችሁ ከግማሽ በታች ነው? አንዱም ቢሆን "አዎ" ከሆነ አትዙሩ። በልታችሁ፣ አይታችሁ ውረዱ። ከመካከላችሁ አንድ ሰው እንኳ ከደከመ ሁላችሁም ውረዱ፤ አፋፉ ላይ ሰው ትቶ መሄድ የለም።

ሁለቱም ደህና ከሆነ ዙሩ። ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ከፍተኛው ጫፍ ያለው በምዕራብ በኩል ነው። እኔ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ነው የምዞረው፣ ቀጥ ያለው ዳገት እግሬ ሳይዝል እንዲያልፍልኝ። ጫፉ ላይ የናይቫሻ ሐይቅ ከሥር ይታያል። መንገዱ በአንዳንድ ቦታ ጠባብ ነው፣ በሁለቱም ወገን ይወርዳል። ነፋስ ካለ ልጆችን እጃቸውን ያዙ።

ስለ መዞር ይህን ያህል ካልኩ በኋላ ስለ ጋሼ መናገር አለብኝ። ጋሼ አጎቴ ናቸው፣ 63 ዓመታቸው ነው። ተወልደው ያደጉት ቢሾፍቱ ነው። እያረፉ እያረፉ በሁለት ሰዓት አፋፉ ላይ ደረሱ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ሌሎቹ ዞረው እስኪመለሱ ሳይንቀሳቀሱ ጉድጓዱን ሲያዩ ቆዩ። "ሆራ ውሃው ባይኖረው ይህን ይመስል ነበር" አሉኝ። ዕድሜ ልካቸውን ዳሩ ላይ ያደጉበት ሐይቅ የእሳተ ገሞራ አፍ መሆኑን በትምህርት ቤት ሰምተዋል። ያመኑት ግን ያን ቀን ነው። ካመጣኋቸው እንግዶች ሁሉ ተራራውን በደንብ ያዩት እሳቸው ይመስሉኛል።

ስትወርዱ አትሩጡ። ትንንሹ ጠጠር እንደ ቆሎ ይንከባለላል። ሰው የሚወድቀው ሲወጣ ሳይሆን ሲወርድ ነው። ጎን ለጎን እየረገጣችሁ፣ ጉልበታችሁን ትንሽ አጥፋችሁ ውረዱ።

አዳርና ሁለተኛው ቀን

ናይቫሻ ሐይቅ ደቡብ ዳር ብዙ ማረፊያና የድንኳን ቦታ አለ። ማታ ጉማሬ ግጦሽ ፍለጋ ይወጣል፣ ስለዚህ ከመሸ አጥሩን አልፋችሁ አትሂዱ።

በማግስቱ ሄልስ ጌት። ይህ ቀን እግርን ማፍታቻ ነው። ወደ ኤልሳ በር በሚወስደው መገንጠያ ላይ ሳይክል ይከራያሉ። ከመክፈላችሁ በፊት ፍሬኑን ሞክሩ፣ ኮርቻውንም በቁመታችሁ አስተካክሉ። መንገዱ ሜዳ ነው፤ የሜዳ አህያና ከርከሮ ከጎናችሁ ይግጣል። በሩ አጠገብ 25 ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ ድንጋይ አለ፣ የፊሸር ግንብ ይባላል። ስሙ እ.ኤ.አ. በ1883 እዚህ ከደረሰው ጀርመናዊ አሳሽ የመጣ ነው። ማሳዮች ግን ወደ ባሏ ስትሄድ ዞር ብላ ቤቷን ያየች ልጃገረድ ናት ይላሉ። የሎጥን ሚስት የማያስታውስ አበሻ የለም መቼም። ሥሩ ላይ ሽኮኮዎች ፀሐይ ይሞቃሉ።

ወደ ውስጥ ስትገቡ ኦልካሪያ ላይ ከምድር ውስጥ እንፋሎት የሚያወጡ ትላልቅ ቧንቧዎች ታያላችሁ። እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ በዚህ ሙቀት ኤሌክትሪክ ይመነጫል። እኛ ጋ አሉቶ ላንጋኖ ላይ ያለው የዚሁ ዓይነት ነው።

ኦል ንጆሮዋ የሚባለው ጠባብ ሸለቆ ላይ ግን ቀልድ የለም። እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2019 ድንገተኛ ጎርፍ ጎብኚዎችን ገድሏል። እናንተ ያላችሁበት ሰማይ ጥርት ብሎ ላይ በኩል ሊዘንብ ይችላል። ጠባቂዎቹ ዛሬ ዝግ ነው ካሉ አትለማመጡ። ክፍት ከሆነም ያለ አስጎብኚ አትግቡ።

እሁድ ከሆነ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ወደ ናይሮቢ ተነሱ። ከዚያ በኋላ ገደሉ ላይ የከባድ መኪና ሰልፍ አለ።

ጋሼ ባለፈው ሳምንት ደወሉ። ሰላምታው ሳያልቅ "ያንን ነገር መዞር እችላለሁ ወይ?" አሉኝ። በጥር ይምጡ፣ ሁለት ትልልቅ ኮዳ ይዘው አልኳቸው። ከአሁኑ ማለዳ ማለዳ ሆራን በእግር መዞር ጀምረዋል።