የትራንዚስተር ከርቭ ሲለኩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የትራንዚስተር ከርቭ የቤዙ ከረንት ሳይለወጥ የኮሌክተሩ ቮልቴጅ ሲጨምር የኮሌክተሩ ከረንት ምን እንደሚሆን የሚያሳይ መስመር ነው። ሲለኩት ከሁሉ የከፋው ስህተት ተዝናንቶ መለካት ነው። መጀመሪያ ቱኤን3904 (2N3904) የተባለውን ትራንዚስተር ስለካ ኮሌክተሩን 10 ቮልት ላይ አቆምኩና 30 ሚሊአምፔር አነበብኩ። ደብተሬ ላይ ጽፌ ቀና ስል 33 ደርሷል፤ ምንም የነካሁት ነገር የለም። ትራንዚስተሩን በጣቴ ስዳስሰው ግን ይፋጃል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 10 ቮልት በ30 ሚሊአምፔር 300 ሚሊዋት ይሆናል። ይቺ ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ደግሞ በአንድ ዋት 200 ዲግሪ ያህል ስለምትግል፣ ውስጧ ከክፍሉ ሙቀት በ60 ዲግሪ ይበልጣል። ሲግል ቤታው (የኮሌክተሩ ከረንት የቤዙን ስንት እጥፍ እንደሆነ የሚያሳየው ቁጥር) ይጨምራል፣ ከርቩም ዳገት ይሠራል። ብዙ ተማሪ ይህን ዳገት የኧርሊ ውጤት (የኮሌክተሩ ቮልቴጅ ሲጨምር ከረንቱ ያለ ሙቀትም በመጠኑ መጨመሩ) ብሎ ይመዘግበዋል፤ ከፊሉ ግን ሙቀት ነው። በዳታሺቶች (የአምራቾች የመረጃ ወረቀቶች) ላይ ያሉት ቁጥሮች በ300 ማይክሮሰከንድ ፐልስ (አጭር የኤሌክትሪክ ምት) የሚለኩት ለዚህ ነው። ፐልስ የሚሰጥ መሣሪያ ከሌለዎት ለአፍታ ያብሩ፣ ያንብቡ፣ ያጥፉ፣ እስኪበርድ ይጠብቁ።

ቤዙን በቀጥታ ከቮልቴጅ ምንጭ ጋር አያገናኙ። 18 ሚሊቮልት ብቻ ቢጨምር የኮሌክተሩ ከረንት እጥፍ ይሆናል፤ በእጅ የሚዞር ፓወር ሳፕላይ ይህን ያህል አይታመንም። ከ5 ቮልት በ100 ኪሎኦም ሬዚስተር ይስጡት፣ 43 ማይክሮአምፔር ያህል ያገኛል።

የኮሌክተሩን ቮልቴጅ ፓወር ሳፕላዩ ላይ ማንበብም ያሳስታል። ከረንቱን ለመለካት መሃል የገባ ተራ መልቲሜትር በ20 ሚሊአምፔር ሬንጁ 10 ኦም ያህል ስላለው እስከ 0.2 ቮልት ይወስዳል። ከርቩ የሚታጠፈው ደግሞ እዚያው አካባቢ ነው! ቮልትሜትሩን ትራንዚስተሩ እግር ላይ ያድርጉ።

እግሮቹን ያረጋግጡ፦ ጠፍጣፋው ፊት ወደ እርስዎ ሆኖ ቱኤን3904 ከግራ ኤሚተር፣ ቤዝ፣ ኮሌክተር ነው፤ ቢሲ547 ተቃራኒው ነው። ተገልብጦ ቢገባም ይሠራል፣ ቤታው ግን እጅግ ያንሳል።

ወደ ሲሙሌሽን ስንመጣ፣ ኤልቲስፓይስ በተባለው የሰርኪት ሲሙሌሽን ፕሮግራም ላይ ባዶውን ኤንፒኤን (የዚህ ትራንዚስተር ዓይነት) ምልክት አስቀምጠው አይሂዱ። ያልተሞላ ሞዴል ቤታው 100፣ የኧርሊ ቮልቴጁ ወሰን የለሽ ነው፣ ማለትም የኧርሊ ውጤት የለውም፤ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ጠፍጣፋ መስመር ያወጣል። የትራንዚስተሩን ሞዴል ከዝርዝሩ ይምረጡ። ስዊፕ (ምንጮቹን ደረጃ በደረጃ የሚለውጥ ትእዛዝ) ሲያዙ የኮሌክተሩ ምንጭ ይቅደም፣ የቤዙ ይከተል። ሞዴሉ ትራንዚስተሩ ሲሠራ እንደሚግል አያውቅም፤ ካልነገሩት 27 ዲግሪ ላይ ይቆያል። ስለዚህ ከሲሙሌሽኑ ጎን የሚያስቀምጡት በፍጥነት የለኩትን ከርቭ ነው።