ሳይክል ስንነዳ በአለባበስና በዕቃ የምንሰራቸው ስህተቶች (አብዛኛውን እኔም ሰርቻቸዋለሁ)

ሳይክል የጀመርኩ ሰሞን ወደ 40 ኪሎሜትር ነድቼ ቤት ስገባ ደረጃውን የወጣሁት እግሬን አንፈራጥጬ ነው። ጥፋቱ የኮርቻው መሰለኝና ቀየርኩት፣ ያው ነው፣ ሌላ ቀየርኩ፣ አሁንም ያው ነው። ለካ ኮርቻው ምንም አላደረገም፣ ጂንስ ሱሪ ለብሼ ነበር የምነዳው፣ የጂንስ ወፍራሞቹ አራት ስፌቶች የሚገናኙት ደግሞ የት እንደሆነ ታውቁታላችሁ፣ በቃ ልክ የምንቀመጥበት ቦታ ላይ ነው። ሳይክል ላይ ሰውነታችን የሚያርፈው ሶስት ቦታ ብቻ ነው፣ እጅ መሪው ላይ፣ ቂጥ ኮርቻው ላይ፣ እግር ፔዳሉ ላይ። ከሶስቱ አንዱ ካልተመቸው አምስት ኪሎሜትር ድረስ ዝም ሊላችሁ ይችላል፣ ሰላሳ ላይ ግን ያስለቅሳችኋል። ሰው ግን ብሩን ሁሉ ሳይክሉ ላይ ጨርሶ ገላውን ለሚነካው ነገር ሲሆን ቤት ያገኘውን ነው የሚለብሰው።

በስፖንጁ ቁምጣ ስር ፓንት መልበስ

ይሄንን ማንም ደፍሮ አይነግራችሁም ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ። መቀመጫው ላይ ስፖንጅ ያለው የሳይክል ቁምጣ የሚለበሰው በባዶ ገላ ነው። አዎ፣ ያለ ፓንት። መጀመሪያ ሲነገረኝ እየቀለዱብኝ መስሎኝ ነበር። ቁምጣው ሲሰራ ገላ በሚነካው በኩል የሚቆረቁር ስፌት እንዳይኖረው፣ ላብ እንዲመጥና ከቆዳ ጋ ተጣብቆ አብሮ እንዲንቀሳቀስ ተደርጎ ነው፣ እናንተ መሃል ላይ ፓንት ስታስገቡበት ያ ስንት የተለፋበት ስፌት ተመልሶ መጣ ማለት ነው፣ ጥጡ ደግሞ ላቡን ይዞ እርጥብ እንዳለ ይቀመጣል። በደቂቃ 80 ጊዜ ፔዳል የሚያዞር ሰው በአንድ ሰአት 4800 ጊዜ ያዞራል፣ እና ያቺ ስፌት 4800 ጊዜ እዛችው ቦታ ላይ ትፈትጋለች፣ እንኳን ቆዳ ጨርቅም ይሳሳል።

ከዚሁ ጋ ሌሎችም ጥፋቶች አሉ። አንዱ ቁምጣውን ሳያጥቡ ደግሞ መልበስ ነው፣ ላብና ሙቀት ባለበት ባክቴሪያ ይራባል፣ የተላላጠ ቆዳ ውስጥ ሲገባ እባጭ ይሆናል፣ እባጭ ላይ ቁጭ ብሎ ዳገት መውጣት ምን እንደሚመስል ባልነግራችሁ ይሻላል። ሌላው ነድተው ከመጡ በኋላ በዛው እርጥብ ቁምጣ ቁጭ ብሎ ወሬ መያዝ። ሲታጠብ ደግሞ የልብስ ማለስለሻ አይጨመርበትም፣ ጨርቁ ላይ ሽፋን ነገር ይሰራና ላብ መምጠጡን ያበላሽበታል። ጠባብ ስለሆነ የሚያሳፍራችሁ ከላዩ ሰፋ ያለ ቁምጣ ደርቡ፣ እኔም እንደዛ ነው የማደርገው፣ ማንም አያውቅም።

ለስላሳ ኮርቻ ይመቻል ብሎ ማሰብ

ሱቅ ገብታችሁ ኮርቻ በአውራ ጣት ተጭናችሁ "ይሄማ ፍራሽ ነው" ብላችሁ የገዛችሁ እጃችሁን አውጡ። ለአጭር መንገድ ችግር የለውም፣ ለረጅም ግን ተቃራኒው ነው። ኮርቻ ላይ ክብደታችንን መሸከም ያለባቸው ታች ያሉት ሁለት የመቀመጫ አጥንቶች ናቸው፣ ስፖንጁ ሲበዛ አጥንቶቹ ይሰምጡና መሃል ያለው ስፖንጅ ወደ ላይ ገፍቶ ነርቭና የደም ስር ያለበትን ለስላሳ ቦታ ይጫነዋል፣ የሚያደነዝዛችሁ እሱ ነው። ከልስላሴው ይልቅ ስፋቱን እዩ። ቤት ውስጥ መለካት ይቻላል፣ የካርቶን ቁራጭ ጠንካራ ወንበር ላይ አድርጋችሁ ቁጭ በሉበት፣ ጉልበታችሁን ከፍ አድርጋችሁ ትንሽ ቆዩና ተነሱ፣ ካርቶኑ ላይ ሁለት የተሰረጎዱ ቦታዎች ታያላችሁ፣ ካልታያችሁ በእጃችሁ ዳብሱት ታገኙታላችሁ። ከአንዱ መሃል እስከ አንዱ መሃል በማስመሪያ ለኩ፣ ኮርቻው ከዛ ትንሽ ሰፋ ማለት አለበት።

ከፍታውም አለ እንዳልረሳው። ኮርቻ ላይ ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉት፣ ፔዳሉ መጨረሻ ታች ሲደርስ እግራችሁ ቀጥ ካለ ልክ ነው፣ ከዛ በእግራችሁ ፊት ስትረግጡ ጉልበታችሁ ትንሽ እጥፍ ይላል። ብዙ ሰው እግሩ መሬት በደንብ እንዲነካለት ብሎ ዝቅ አድርጎ ይነዳና ጉልበቴን ከፊት በኩል አመመኝ ይላል። ይህን የምትለኩት ግን ሁሌ በምትነዱበት ጫማ ይሁን፣ ሶል በተለያየ ቁጥር ልኩም ይለያያል።

የጥጥ ቲሸርት

ጥጥ ላብን ይጠጣል ግን ቶሎ አይደርቅም። ዳገቱን ስትወጡ በላብ ትጠመቃላችሁ፣ ጫፍ ላይ ደርሳችሁ ቁልቁለቱን ስትለቁት ያ እርጥብ ቲሸርት ከንፋሱ ጋ ተደርቦ ደረታችሁ ላይ በረዶ ይሆናል። ፖሊስተር ወይም ቀጭን የሱፍ ማልያ ይሻላል፣ ከላይ ደግሞ ተጣጥፎ ኪስ የሚገባ ቀጭን የንፋስ ጃኬት። አንድ ወፍራም ጃኬት ከመልበስ ሁለት ሶስት ስስ መደረብ ይሻላል፣ ምክንያቱም እየነዱ አንዱን ማውለቅ ይቻላል፣ ወፍራሙን ግን ወይ ትለብሱታላችሁ ወይ ትሸከሙታላችሁ። ከቤት ስትወጡ ትንሽ ብርድ ብርድ ካላላችሁ አለባበሳችሁ በዝቷል፣ አስር ደቂቃ ሳትነዱ ላብ ይጀምራችኋል። ጃኬት ለረሳ ሰው የድሮ ተወዳዳሪዎች ዘዴ አለ፣ ቁልቁለት ከመጀመራቸው በፊት ማልያቸው ውስጥ ደረታቸው ላይ ጋዜጣ ይከቱ ነበር። ሞክሬዋለሁ ይሰራል፣ ሲንኮሻኮሽ ግን ያሳብዳል።

ሄልሜት እንደ ባርኔጣ ወደኋላ መጣል

ሄልሜት አያደርጉም ስለሚባሉት ሳይሆን አድርገውት ስላላደረጉት ነው የማወራው። ፎቶ ላይ ፊታቸው እንዲታይ ብለው ወደኋላ አዘንብለውት ግንባራቸው ሜዳ ሆኖ የሚነዱ ስንት አሉ መሰላችሁ። ሄልሜት ጠፍጣፋ ሆኖ ነው የሚቀመጠው፣ ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ብቻ። ማሰሪያው ጆሮ ስር ተገናኝቶ የ"ቪ" ቅርጽ ይሰራል፣ አገጭ ስር ደግሞ አንድ ወይ ሁለት ጣት ብቻ ማስገባት አለበት፣ አፋችሁን በሰፊው ስትከፍቱ ሄልሜቱ ጭንቅላታችሁን ወደታች ጫን ካላደረገ ላልቷል ማለት ነው። ስትገዙ ማሰሪያውን ሳትቆልፉ ኋላ ያለችውን መዘውር አጥብቁና ጎንበስ ብላችሁ ጭንቅላታችሁን ነቅንቁ፣ ከወደቀ ቁጥሩ የናንተ አይደለም።

ውስጡ ያለው ነጭ ፎም የሚያድናችሁ ራሱ ተጨፍልቆ ነው፣ የተጨፈለቀ ደግሞ ተመልሶ አይነፋም። ስለዚህ አንዴ በደንብ የተመታ ሄልሜት ከውጭ ምንም ባይታይበትም ስራውን ጨርሷል፣ ሰው የተጠቀመበትን መግዛት የማልወደውም ለዚህ ነው፣ ታሪኩን አላውቅማ። አዲስ ስትገዙ ውስጡ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ፣ የደህንነት ደረጃ ማሟላቱን የሚናገረው ጽሁፍ አውሮፓ ኢኤን 1078 የሚል ነው፣ አሜሪካ ሲፒኤስሲ የሚል ነው፣ ምንም የማይል ከሆነ የፕላስቲክ ሳህን ነው የገዛችሁት። ከስሩ ወፍራም የሹራብ ኮፍያ አይደረግም፣ ልኩን ያበላሸዋል፣ ለብርድ ስስ ኮፍያ አለ።

ደማቅ ልብስ ለማታም የሚበቃ መምሰሉ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ። ያ የሚያበራው ቢጫ አረንጓዴ ጃኬት የሚደምቀው ከፀሀይ በሚመጣው አልትራቫዮሌት ነው፣ ጀንበር ስትጠልቅ ድምቀቱም አብሮ ይጠልቃል። ማታ የሚያስፈልገው የመኪና መብራት ሲያርፍበት ብርሃኑን ወደ ሾፌሩ የሚመልስ አንጸባራቂ ነው፣ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንጸባራቂ አንድ ቦታ ብቻ ማድረግ ከቻላችሁ ደግሞ ቁርጭምጭሚታችሁ ላይ አድርጉት፣ ፔዳል ስታዞሩ ላይ ታች ስለሚል ሾፌሩ ከሩቅ አይቶ ይሄ ሳይክል የሚነዳ ሰው ነው ብሎ ወዲያው ይገባዋል፣ ደረት ላይ ያለ ጨርቅ ግን የመንገድ ምልክትም ሊመስለው ይችላል።

መብራት ከፊት ነጭ ከኋላ ቀይ፣ ይሄን ሁሉም ያውቃል። የማይታወቀው ኋላችሁ ያለው መብራት እንደበራ መታየቱን ወይ አለመታየቱን ነው። እኔ ወር ሙሉ ኮርቻዬ ስር መብራት አብርቼ እየነዳሁ አንድ ማታ ጓደኛዬ ከኋላ መጣና "መብራትህ የት ሄደ?" አለኝ፣ ወርጄ ሳይ የዝናብ ጃኬቴ ጅራት እንደ መጋረጃ ሸፍኖታል። ሙሉ ልብሳችሁን ለብሳችሁ ኮርቻው ላይ ቁጭ በሉና አንድ ሰው ከኋላ እንዲያይላችሁ አድርጉ።

የሚንጠለጠል ነገር ሁሉ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው ለሳይክል የተተረተ ነው የሚመስለኝ። የጫማዬ ክር ተፈቶ የቀኝ ፔዳሌ ዘንግ ላይ ተጠመጠመ፣ ምንም አላወቅኩም፣ መብራት ያዘኝና ቆሜ እግሬን ላወርድ ስል እግሬ ወዴትም አይሄድም፣ ከዛ እንደተቆረጠ ዛፍ ቀስ ብዬ በጎኔ ጋደም አልኩ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ። ክሩን ካሰራችሁ በኋላ ትርፉን ጫማው ውስጥ ክተቱት። ሰፊ ሱሪ ከሆነ የቀኙን እግር እጠፉት ወይ በላስቲክ እሰሩት፣ ሰንሰለቱ በዛ በኩል ስለሆነ፣ ሻርፕና ረጅም ቀሚስም እንዲሁ ተጠንቅቆ መሰብሰብ ነው። ፌስታል መሪው ላይ ማንጠልጠል ግን ከሁሉም የከፋው ነው፣ ተወዛውዞ የፊት ጎማው ሽቦ ውስጥ ከገባ ጎማው ቀጥ ይላል እናንተ በመሪው ላይ ትበራላችሁ።

ጓንት ለቄንጥ አይደለም

የቀለበት ጣታችሁና ትንሿ ጣታችሁ እየደነዘዙ ከሆነ መዳፋችሁ ጥግ ላይ የሚያልፈው ነርቭ መሪው ላይ እየተጨፈለቀ ነው። ስስ ስፖንጅ ያለው ጓንት ይረዳል፣ እጅ የሚያዝበትን ቦታ ቶሎ ቶሎ መቀያየርም እንደዛው፣ ጎማውንም እንደ ድንጋይ አጠንክራችሁ አትንፉት። ስንወድቅ ደግሞ ቀድሞ መሬት የሚነካው መዳፍ ነው፣ አስፋልት ላይ የተላጠ መዳፍ ይዞ ሳምንት ሙሉ እጅ መታጠብ እንዴት እንደሚያቃጥል የቀመሰ ያውቀዋል። መነጽርም አድርጉ፣ ቁልቁለት ላይ አይን ውስጥ የገባች ትንኝ መሪ ታስለቅቃለች፣ ለማታ ግን ጥቁሩን ሳይሆን ነጩን።

ዝናብ ላይ የሚሰራው ስህተት የጃኬቱን ኮፍያ ከሄልሜቱ በላይ ማድረግ ነው፣ ዞር ስትሉ ኮፍያው አብሯችሁ ስለማይዞር የምታዩት የኮፍያውን ውስጥ ነው። ከሄልሜቱ ስር ይግባ ወይ ይቅር። ደግሞ ከሰማይ ከሚመጣው እኩል ከመሬት የሚረጨው ነው የሚያበሰብሰው፣ ፓራፋንጎ አስገጥሙ። ፍሬናችሁ የጎማውን ብረት የሚይዝ አይነት ከሆነ ብረቱ እርጥብ ሲሆን መጀመሪያ ውሃውን እስኪጠርግ አይዝም፣ ከወትሮው ቀደም ብላችሁ ያዙ።

የመጨረሻው ዕቃ ይዞ ግን የማይገጥም ዕቃ መያዝ ነው። አንዴ ጎማ ተነፈሰብኝ፣ አልደነገጥኩም፣ ትርፍ ከመነዳሪ አለኝ፣ ጎማ መፈልቀቂያ አለኝ፣ ፓምፕ አለኝ። ቀየርኩ፣ ፓምፑን አወጣሁ፣ አይገባም። የኔ ከመነዳሪ ቀጭኑ ቫልቭ ነው፣ ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን ፈታ አድርጋችሁ የምትነፉት፣ ፓምፑ ደግሞ መኪና ላይ ላለው ለወፍራሙ አይነት ብቻ የተሰራ ነው፣ ቤት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ገጥሜ አልሞከርኩትም ነበር። ሰባት ኪሎሜትር ሳይክል እየገፋሁ ሄድኩ። አሁን ኮርቻዬ ስር ባለችው ቦርሳ ውስጥ ከቀጭኑ ቫልቭ ላይ ጠምዝዛችሁ ወፍራም የምታደርጉት የጣት ጥፍር የምታክል የነሐስ ቁራጭ አለች፣ ለወፍራሙ በተሰራ ፓምፕ ታስነፋለች፣ እንዳትጠፋብኝ ቦርሳው ውስጥ ያለው ትርፍ ከመነዳሪ ቫልቭ ላይ ራሱ አጥብቄ አስሬያት ነው የምዞረው።